በጉ እስኪበስል የቆየው ደም

አባባ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእጁ ያልገባ ወረቀት አያምንም፤ በእጁ የገባውን ደግሞ አይጠራጠርም። አምቦ ውስጥ ሰፈራችን «ኦቦ ዶሴ»፣ አቶ ዶሴ እንደማለት፣ ይለው ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንኳ ሬዲዮው ካልተናገረ ልብስ ከገመድ ላይ አያወርድም ብለን እኔና እህቴ እንስቅበት ነበር።

እናታችን ከሞተች በኋላ በቤቱ ሦስት ቀረን። እህቴ ጌዶ ስታገባ ሁለት ሆንን። ከዚያ አንድ የመስከረም ሰኞ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። ለአሥር ቀን ነው አለች። አሥሩ ቀን አለፈ፤ ጥቅምትም ኅዳርም አለፉ።

የሚታይ ሕመም አልነበራትም። አትስልም፣ አያተኩሳትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ብይ ሲሏት ትበላለች፤ ተነሺ ሲሏት ትነሳለች፤ የተነሳችበትን ግን ትረሳውና በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች። ስትመጣ ሹሩባ ተሠርታ ነበር። ሹሩባው ላላ፤ ከዚያ ተፈታ፤ ከዚያ ማንም በማይፈታው ቋጠሮ ተያያዘ።

እኔን ግጥም ያስተማረኝ የለም። ያረመኝ ግን አለ። እህቴ መምህርት ናት፤ ጉደር ታስተምር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የጻፍኩትን ሁሉ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ታርመው ነበር። ከአንዱ ግጥሜ ግርጌ «ይሄን ለማን ብለህ ነው የምትዋሸው?» ብላ የጻፈችበት ወረቀት አሁንም አለኝ። በዚያ ዓመት ግጥም ስሰጣት ወረቀቱን ትይዘዋለች፤ ዓይኗ አንዱ መስመር ላይ ይቆማል፤ ቆይታ ትመልስልኛለች። አንድ ቀን ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ ሰጠኋት። አመሰገነችኝና ትራሷ ሥር አስቀመጠችው።

ሐኪም ቤት ተወስዳ ታይታለች። ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም የሚል ወረቀት ተጽፎላታል። ለአባባ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ወረቀቱን በፋይሉ ውስጥ አስሮ አኖረው። ያልተገኘ ነገር የለም ማለት ነው፤ ከሌለ ደግሞ ስንፍና ነው፤ ስንፍና ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ትዳርና ወደ ሥራ መመለስ ነው። ባሏ የከብት ነጋዴ ነው። በጭነት መኪናው በአምቦ ባለፈ ቁጥር ሰው እየላከ መቼ ነው የምትመጣው ያስብላል። እኔ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ስል አባባ፣ በጤናዋ እብድ አስብለህ ልታስቀራት ነው ወይ አለኝ። ሁለተኛ ሳነሳበት ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወጣ።

ሥራ ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ስለ ደም ያጠና ነበር። በሰው ደም ውስጥ የአንጎል ሕዋሳትን የሚያሳድግ ፕሮቲን አለ፤ መጠኑ ከአገር አገር፣ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል ይባላል፤ ዶክተሩ ደግሞ ከአምቦና ከጉደር ሰው፣ ጎጆ ከምትባለው ከተማ ደገኛም ደም ወስዶ ሊያወዳድር ፈለገ። የእኔ ድርሻ ለሰዉ በአማርኛና በኦሮምኛ ማስረዳት፣ ቅጽ መሙላት፣ የበረዶ ሳጥን መሸከም ነበር። የፈቃድ ቅጹ ጀርባ ባዶ ስለሆነ የተበላሹትን እየሰበሰብኩ ግጥም እጽፍባቸው ነበር።

ግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ብልቃጡ ግማሽ ሰዓት ይቁም፤ ልክ ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ ደም የምትለይ ማሽከርከሪያ ማሽን ውስጥ ይግባ፤ ከላይ የሚጠልለው ቢጫ ውሃ ተቀድቶ ይቀዝቅዝ። እኔ ከሥልጠናው ይዤ የወጣሁት ግን ይሄን አልነበረም። ዶክተሩ መሀል ላይ በድብርት የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን በአማካይ ዝቅ ብሎ ይገኛል ብሎ አልፎ ነበር። «በአማካይ» የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ። ልይዘው አልፈለግሁም።

ማታ እራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። የእህቴ ደም ተለክቶ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ሕመሟ በወረቀት ላይ ይመጣል አልኩት። ማኘኩን አቆመ።

«ቁጥር አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«ማኅተም ያለው ቢሮ ነው የሚለካው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቁጥሩ ይዳኘን። ታማለች ካለ እኔ ራሴ ይዣት አዲስ አበባ እገባለሁ። ጤነኛ ናት ካለ ግን በቀጣዩ ቅዳሜ ጌዶ ትገባለች፤ ሁለተኛ አፍህን አትከፍትም።»

እሺ አልኩ። እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ነበር። ሰምታለች አልሰማችም ብዬ አላሰብኩም።

ችግሩ ጥናቱ የሚቀበለው ጤነኞችን ብቻ መሆኑ ነው። የአምቦው ዝርዝር ሞልቶ ነበር። ከጎጆው ዝርዝር አንድ ኮድ ተርፎ ነበር። ደም የምትቀዳው ነርስ ጎረቤታችን ናት፤ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ለመንኳት። የአንድ ሰው ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም፣ ለሷ አይጠቅማትም አለችኝ። ደግሜ ለመንኳት። ሦስተኛ ስለምናት ዓይኗ እንባ አቀረረና እሺ አለች።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወደ ጎጆ በምንሄድበት ማለዳ፣ መኪናው ደጃችን ቆመ። እህቴን የደም ማነስ ምርመራ ነው አልኳት። ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር እጇን ብቻ ዘረጋችልን። ሲስተር ቀዳች፤ እኔ የጎጆውን ኮድ ብልቃጡ ላይ ለጠፍኩ። አባባ መነጽሩን አድርጎ መጣና ኮዱን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጥግ ላይ ገለበጠው። ሠላሳ ዓመት የያዘው ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት። ብልቃጡን ከሌሎቹ ጋር አብሮ እንዲሽከረከር ብዬ ጎጆ ድረስ በኪሴ ይዤው ሄድኩ።

ጎጆ ብርድ ነው። ሰዉ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ በጤና ጣቢያው ግቢ ተሰብስቦ ጠበቀን። ለገብስና ለድንች ገበሬ አንጎል የሚያሳድግ ፕሮቲን ማለት ጆሮ አይገባም፤ ስለዚህ የአንጎል ማዳበሪያ በሉት አልኩ። በቃላት ምርጫዬ ኮራሁ። አንድ ሽማግሌ «ዳፕ ነው ዩሪያ?» ብለው ጠየቁኝና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሌላው ሽማግሌ ግን አልሳቁም። አምቦዎች ተለክተዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተለክተዋል አልኩ። ሽማግሎቹ ገለል ብለው መከሩ።

ሲመለሱ ደም ሰጪውን የሚመርጡት እነሱ ሆኑ። የጎጆ አንጎል ከአምቦ አነሰ ከተባለ በየገበያው መሳቂያ እንሆናለን ብለው አንደበተ ርቱዑን ተከራካሪ፣ የዕድሩን ስም ዝርዝር በቃሏ የምትወጣውን ሴት፣ ርዕሰ መምህሩን እየጠሩ አሰለፉ። በራሱ ፈቃድ የመጣ አንድ ድንች ነጋዴ «አንተ ዞር በል፣ ታዋርደናለህ» ተብሎ ተመለሰ። ሾፌራችን ከመኪናው ሆኖ፣ እኔንማ ቢያዩኝ ከግቢውም ያስወጡኝ ነበር አለ።

ደሙ ተቀዳ። ብልቃጦቹን መስኮቱ ሥር ደረደርናቸው፤ የእህቴንም መሀላቸው አስገባሁት። ሲስተር ሰዓቷን አየች። ግማሽ ሰዓት። ያኔ ነው ዋናው ሽማግሌ ምሳ ግቡ ያሉን። ቸኩለናል አልን። ተመልሰን እንበላለን አልን። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ።

«ደማችንን ወስዳችሁ እህላችንን ሳትቀምሱ ልትሄዱ ነው? ሌባ እንኳ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል» አሉ።

ሄድን። አሥር ደቂቃ ነው ተባብለን። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ስንደርስ በጉ ገና በእግሩ ቆሞ ነበር። ሲስተር አየችው፤ አየሁት። ሾፌሩ ብቻ ደስ አለው።

በጉ ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ተከተፈ፣ ተጣደ። ሲስተር ብድግ ባለች ቁጥር ሴቶቹ እጇን ይዘው «ታኢ፣ ታኢ» እያሉ ያስቀምጧታል። ማሽከርከሪያዋ ትጠብቀናለች ማለት እዚያ ቤት ስድብ ነበር። እኔም ብናገር የሚሰማ አልነበረም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ርቦኝ ነበር፣ ወጡም ሸትቶኛል። ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ርቃለች። የጎጆ ሰዎች ደም ሦስት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የእህቴማ ከማለዳ ጀምሮ ነው። ብልቃጧን ብድግ አድርጌ አየሁት፤ ደሙ ረግቶ ከግድግዳው ለቆ ነበር፤ ቢጫው ውሃ ያለ ማሽን በራሱ ተንሳፍፏል።

ሲስተር ምን እንጻፍ ብላ ተመለከተችኝ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። የቆየበት ጊዜ ከሚለው አንጻር ለሁሉም «ግማሽ ሰዓት» ብዬ ሞላሁ። ለእህቴም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ደሙ ቀዝቅዞ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ወር ቆየ፣ ሁለት ወር ቆየ፤ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መጣ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ። የእህቴ ባል ሰው መላኩን ትቶ ራሱ መጣና ደጃፉ ላይ ከአባባ ጋር ቆመው ተነጋገሩ። አባባ ወረቀት እየጠበቅን ነው አለው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው መጠበቅ ያውቃል። በየጠዋቱ የሚጠይቀኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ «መጣ?» እኔ በየጠዋቱ ቁጥሩ ዝቅ እንዲል እጸልይ ነበር። ለገዛ እህት እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኔ ላይ መጣ። ዶክተሩ የቁጥሩን ዝርዝርና በነጥብ የተሳለ ሥዕል ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ሲያይ አገኘሁት። ፊቱ በርቶ ነበር። የጎጆ ነጥቦች ከአምቦም ከጉደርም በላይ ወጥተው ተሰብስበዋል። ከፍታው ይሆን፣ ብርዱ ይሆን፣ ገብሱ ይሆን እያለ ለብቻው ያወራል። ከሁሉም በላይ፣ ከመንጋው ተለይታ ወደ ጣሪያው የወጣች አንዲት ነጥብ ነበረች። ጣቱን አኖረባት።

«ይህችን ሴት ባገኛት ደስ ይለኛል፤ ምን ትበላ ይሆን?» አለኝ።

ኮዱን አነበብኩ። እኔው የለጠፍኩት ነው።

ለአባባ አልመጣም አልኩት። በማግስቱም አልመጣም። አራት ቀን እንዲሁ ዋሸሁ። በአምስተኛው ቀን ቢሮው ውስጥ ቅጽ እየደረደርኩ በሩ ተንኳኳ፤ አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ይዞ ገባ። ዶክተሩን ተጎንብሶ ሰላም አለውና ወደ ግድግዳው ሄደ። መነጽሩን አወጣ። ከኪሱ ከቀን መቁጠሪያው የቀደዳትን ጥግ አወጣ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት እንደሠራው ጣቱን በዝርዝሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ይነዳ ጀመር። ብዙ አልሄደም። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ቆመ።

«ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብሎ ዶክተሩን ጠየቀው።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ጥሩ እንጂ፣ አባት፣ ግን ይህችን ሴት ያውቋታል ወይ አለው።

«ልጄ ናት» አለ አባባ። «ጤነኛ ናት ማለት ነው? ከሁሉ ትበልጣለች?» ወደኔ ዞረ፤ እንባው በመነጽሩ ሥር ይወርድ ነበር። «አየህ? ልጄ ጤነኛ ናት።»

አባባ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ይህኛው ግን የደስታ ነበር። የማላውቀውን ያኔ አወቅሁ፤ ሰውዬው እነዚያን ወራት ሁሉ ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱን በወረቀት የሚያስታግስለት ሰው ሲፈልግ ነው የከረመው።

ዶክተሩ ፈገግታው ጠፋ። ልጅዎ ጎጆ ነው የምትኖረው አለ። አባባ የለም፣ እዚሁ አምቦ፣ ከኛ ጋር አለ። ዶክተሩ እኔን አየ። ቅጹን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ የተረፈውን ኮድ፣ ኪሴ ውስጥ የሄደውን ብልቃጥ፣ በጉን፣ «ግማሽ ሰዓት» ብዬ የሞላሁትን። ሲስተር ስለለመንኳት እንጂ ፈቅዳ እንዳላደረገችው ነገርኩት። እየተናገርኩ የጎጆ ሽማግሌዎች ደም ሰጪ ሲመርጡ ትዝ አለኝ።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይህ ፕሮቲን ደም በሚያረጉት ቅንጣቶች ውስጥ ታጭቆ ይኖራል አለ። ደሙ ሲረጋ ይለቃል። ብልቃጡ በቆየ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል። ግድግዳው ላይ ያለው የጎጆ አንጎል አይደለም፤ የጎጆ ምሳ ነው። ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ፣ ሥራው በትክክል ተሠርቶ ቢሆን እንኳ ይህ ቁጥር በብዙ ሰው መሀል እንጂ በአንድ ሰው ላይ አይፈርድም፤ ልጅዎ ታማ ከሆነ ሐኪም ቁጭ ብሎ ያነጋግራት አለው። ሥዕሉን ከግድግዳው ነቀለው። አዲስ አበባ ላለ የአእምሮ ሐኪም ደብዳቤ ጽፎ፣ በአንድ መስመርም የደሙ ቁጥር ዋጋ እንደሌለው ገልጾ፣ ማኅተም አሳርፎ ሰጠኝ። እኔንም ከሥራው አሰናበተኝ። ትክክል ነው።

ደብዳቤውን መንገድ ላይ ለአባባ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«አንዱ ወረቀት ሲፈርድብህ ሌላ ታስጽፋለህ» አለ። «ይሄን ሥራ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ልጄ። መጀመሪያ የመጣው ነው እውነቱ። ጤነኛ መሆኗ ደስ አይልህም?»

ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ መለስኩት። ቁጥሩ ይዳኘን ሲል እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥር ለአንድ ሰው ምንም አይልም ስትለኝ ሲስተርን አልሰማ ያልኩትም እኔ ነኝ። አባባ ያመነው እኔ ያስተማርኩትን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ የእህቴን የማስተማሪያ ዲፕሎማ በላስቲክ ጠቅልሎ በሻንጣዋ ውስጥ ከተተው። የጎረቤት ሴቶች ቋጠሮውን መፍታት አቅቷቸው ጸጉሯን አሳጥረው ቆርጠውላት ነበር። መናኸሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ከጫማዋ ላይ ጭቃ በመሐረቡ ጠረገላት። ጎበዝ፣ ከሁሉም ትበልጫለሽ እኮ አላት። እህቴ ሰማችው። መኪናው ሲነሳ ከመስኮቱ አላየችንም።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ጌዶ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱን ከብት ሞልቶታል። ባሏ ገበያ ወጥቷል። እህቴ ከጓዳው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የዶክተሩ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለ እሱ ልጀምርላት ስል ቀደመችኝ።

«የደም ማነስ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች።

እጄን ከኪሴ ባዶውን አወጣሁት። ስለ ቁጥሩ አባባ ነግሯት ኖሯል፤ ቀሪውን ሲስተር ልትሰናበታት ስትመጣ ነግራታለች።

«መታመሜን ለማወቅ ደሜን ጎጆ ድረስ ወሰድከው። አልጋዬ ካንተ አልጋ አምስት እርምጃ ነበር። አንድ ቀን መጥተህ ምን ሆንሽ አላልከኝም።»

ብዬሽ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ብያት ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ተነሺ እንጂ ምን ሆነሻል እያልኩ። አፌን ዘጋሁት። መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

ከውጭ የከብት ነጋዴዎች ጩኸት ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ነበርኩ አለች። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። አንድ ቃል ጻፍኩና ዞር ብዬ አየሁት፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠፋኝ። የማውቀው ቃል፣ በየቀኑ የምጽፈው። ልጆቹ ይጠብቁኛል። እጄ ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ...

አማቷ ከጓሮ ተጣሩ። እህቴ አቤት ብላ ብድግ አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የተነሳችበትን ረስታው ነበር። አማቷ ደግመው ተጣሩ፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ የተቆረጠው ጸጉሯ አንገቷ ላይ ወዲያና ወዲህ ሆኖ ሲበቅል አየሁ። ክንዷን ይዤ ወደ ጓሮው መራኋት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጌዶ እሄዳለሁ። ደብዳቤው ከኪሴ አልወጣም፤ ባሏ ላስብበት ብሏል፤ አባባ አሁንም በመጀመሪያው ወረቀት ነው። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ እላለሁ፤ ምን ሆንሽ እላታለሁ፤ እሷም ክፍል ውስጥ ነበርኩ ብላ ትጀምራለች። እስካሁን ከሰሌዳው አላለፍንም።